በስሙ

«ቋጣሪ ሞቶም ቋጣሪ ነው» አለች አንዷ ለቀስተኛ፣ ምስር ወጡን በእንጀራዋ ጫፍ እየገፋች። አጠገቧ የተቀመጠችው አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች።

ምሥራቅ ሰማች። ባሏን ደግፌን ከቀበረች ገና ሁለተኛ ቀኗ ነው። ድንኳኑ ውስጥ ፍራሽ ላይ ስትቀመጥ ዓይኗ አብጦ ሰው አይለይም፤ ጆሮዋ ግን ይሠራል። ተነስታ ሳህኑን ከሴትዮዋ ጭን ላይ ልትነጥቅ ቃጣት። ልጇ ውዳሴ ክንዷን ያዘቻት።

«ተያቸው፣ እማዬ።»

«እኔ ምን አልኩ?»

«ፊትሽ ብሏል።»

ቋጣሪ! የሰፈሩ ሰው ሲረሳ ያስደንቃል። ደግፌ መቋጠር ባላወቀበት ዘመን ነው ጉድ የፈላው። ኮልፌ ውስጥ ከቤታቸው ጀርባ ባለች ክፍል ሶፋ ይሠራ ነበር። እጁ ወርቅ ነው፤ ልቡ ግን «እምቢ» የሚባል ቃል አያውቅም። ታናሽ ወንድሙን ወንድዬን ሲድር ከአራጣ አበዳሪ ተበደረና ሁለት ሰንጋ ጣለ። ዛሬ ምስር የሚገፉት ሴቶች ያን ቀን የተረፈውን ሥጋ በፌስታል ቋጥረው ነው የሄዱት።

ሙሽሮቹ ሳይመለሱ የአራጣው ወለድ ዋናውን ሊያህል ደረሰ። ደግፌ ዕቁብ ቀድሞ ወሰደ፣ እሱንም ለአራጣው ገበረው፣ ከዚያ ዕቁቡን መክፈል አቃተው። ዋስ የሆኑለት ጎረቤታቸው ጋሽ ወልደሰንበት ከጡረታቸው እየቆነጠሩ ከፈሉለት። የስፌት ማሽኑ ተሸጠ። ውዳሴ ትንሽ ልጅ ሆና ጨው ልትገዛ ተልካ ባለሱቁ ሰው ፊት «ለናንተ ቤት ዱቤ የለም» ብሎ መለሳት። ደግፌ በጓሮ በር መውጣትና መግባት ጀመረ። ሚስቱ እንኳ ስታየው ዓይኑን ይሰብር ነበር።

አንድ ቅዳሜ ግን ፊቱን ታጥቦ በዋናው በር ወጣ። ያበደሩትን ሰዎች ሳይጠሩት በየቤታቸው ዞረ።

«ብር ይዘህ መጣህ?» ይሉታል።

«ዛሬስ ፊቴን ነው ይዤ የመጣሁት። አልጠፋሁም ልላችሁ ነው።»

የሳቁበት አሉ፣ በሩን የዘጉበት አሉ። የሰው ፊት እሳት ነው፤ ደግፌ በየቅዳሜው እየሄደ ተቃጠለ። ያገኘ ቀን መቶም ሁለት መቶም ብር ይሰጣል፣ ያጣ ቀን ፊቱን አሳይቶ ይመለሳል። ማሽኑ ከተሸጠ ወዲህ በቅጥር ከሚሠራበት ከአየር ጤና፣ የታክሲ እንዳያወጣ በእግሩ ይመጣል። ቤት ውስጥም ሕግ ወጣ፦ ብር ሲገባ መጀመሪያ ዕዳ፣ ከዚያ አስቤዛ፤ ሥጋ ከተረፈ ብቻ። እሱ ለሷ ሳይነግር፣ እሷም ለሱ ሳትነግር አንዲት ሳንቲም አትወጣም። መጀመሪያ እንደ እስር ቤት የከበዳቸው ሕግ ውሎ አድሮ ሌሊት እንቅልፍ ሰጣቸው።

ዕዳው አለቀ፤ ስሙ ግን ወዲያው አልተመለሰም። ዕቁብ ሊገባ ሲለምን «የመጨረሻውን ዕጣ ስጡኝ፤ ቀድሜ ስለማልወስድ ዋስ አያስፈልገኝም» አለ። እንዲህ እየከፈለ ዓመታት አለፉ። ባንክ ለማሽን መግዣ አበደረው፣ ከቀኑ ቀድሞ ጨረሰ። በመጨረሻ ያ ዕቁብ ራሱ ገንዘብ ያዥ አድርጎ መረጠው። ደግፌ የዚያን ቀን ቤት ገብቶ አለቀሰ። ሰው ታዲያ ለድግስ ብድር ሲጠይቀው «የለኝም» ማለት በመልመዱ ቋጣሪ የሚል ስም አወጣለት።

ምሥራቅ ይህን ሁሉ እያሰበች ጥርሷን ነከሰች። የሚያጽናናት አንድ ነገር ብቻ ነበር። በቀብሩ ዕለት ማታ ወንድዬ ጆሮዋ ሥር ጎንበስ ብሎ «ምሥራቅዬ፣ አርባው ሁዳዴ ላይ ይውላል። ጾሙ ሳይገባ በሰባተኛው ቀን ሰው እንዲቀምስ አንድ በሬ በስሙ ልውሰድ?» ብሏት ነበር። በስሙ። ለነፍሱ መታሰቢያ ማለቱ ነው ብላ፣ እንባዋን እየጠረገች በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። ያ ሁሉ የተደገሰለት ወንድም ለወንድሙ አንድ በሬ ቢያርድ ወጉ ነው። ለዓመታት የያዘችበትን ቂም ያኔውኑ ተወችለት።

በሦስተኛው ቀን ሰው ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ ምሳ ሲቀርብ ገዳ የሚባለው የከብት ነጋዴ ገባ። ባርኔጣውን አውልቆ ፊት ለፊቷ ጎንበስ አለ።

«እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ እህቴ። በሬውን አጥሩ ጋ አስሬዋለሁ። ወንድዬን ዋስ አምጣ አላልኩትም፣ ቀብድም አላልኩትም። በደግፌ ስም ነው ሲለኝ፣ የሱ ስም ለኔ ይበቃል አልኩ። እስከ ፋሲካ ቀስ ብለሽ ትከፍይኛለሽ።»

ምሥራቅ መጀመሪያ አልገባትም።

«በማን ስም?»

«በደግፌ ነዋ።»

«በዱቤ?»

«አዎ። ለሌላ ሰው አላደርገውም።»

አሁን ገባት። ወንዶቹ መሃል ካርታ የያዘውን ወንድዬን አየችው። ካርታውን አስቀምጦ ተነሳ።

«እንዴ ምሥራቅዬ፣ ጠይቄሽ እሺ ብለሽኝ እኮ ነው።»

«በስሙ ስትለኝ ለነፍሱ መስሎኝ!»

«ለነፍሱም ነው። ሰው ካመነው ደግሞ ምን ችግር አለው? ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባል የለ?»

«ይውላል እንጂ አይበደርም!»

ወንድዬ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ቀስ በይ እንጂ፣ ሰው ምን ይላል? ወንድሜን በምስር ልሸኘው?»

«ሰው የሚለውን ብሏል! ትናንት እዚሁ ተቀምጦ ብሏል!» ሁለቱ ሴቶች አንገታቸውን ደፉ። «አንተ ስትዳር የተበላው ሥጋ ነው ወንድምህን በየደጁ ያስዞረው። አንድ ቅዳሜ አብረኸው ዞረሃል? አንዲት ቅዳሜ? ፊቱ እስኪላጥ የመለሰውን ስም፣ አፈሩ ሳይደርቅ አውጥተህ ከበሬ ጋር አሰርከው!»

ጋሽ ወልደሰንበት ምርኩዛቸውን ይዘው ቀና አሉ።

«ልጄ፣ ሐዘን ላይ ነሽ። ተቀመጪ፤ እኛ እንነጋገርበታለን።»

«ጋሽዬ፣ ለሱ ዋስ ሆነው ጡረታዎ የተበላ እርስዎ ነዎት። እርስዎ ይፍረዱ። ልበደር?»

ሽማግሌው ምርኩዛቸውን ጭናቸው ላይ አጋደሙ።

ምሥራቅ ወደ ነጋዴው ዞረች።

«ገዳ፣ ስላከበርከው እግዜር ያክብርህ። ወንድዬ ለወንድሙ ማረድ ከፈለገ መብቱ ነው፣ ይረድ። በራሱ ስም ስጠው።»

ገዳ ባርኔጣውን በእጁ አዟዟረ። ወንድዬን አየ፣ ቀጥሎ መሬት መሬቱን።

«እህቴ፣ ለቅሶ ቤት እንዲህ ያለ ነገር ባናወራ...»

«ትሰጠዋለህ፣ አትሰጠውም?»

ገዳ ባርኔጣውን ደፍቶ ወጣ። አጥሩ ጋ ገመዱን ሲፈታ፣ በሬውንም «ሂድ» እያለ ሲነዳ ድንኳኑ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ሰማው። ወንድዬ ፊቱ ጠቆረ። ጋቢውን ትከሻው ላይ ጥሎ ተከትሎ ወጣ፤ ወደ ነጋዴው ሳይሆን ወደ ታክሲው መንገድ።

ከዚያ ጋሽ ወልደሰንበት ሳህናቸውን ዘረጉ።

«ውዳሴ፣ እስቲ ከዚያ ምስር ጨምሪልኝ። ጎመን በጤና አለ ያገሬ ሰው።»

አመሻሽ ላይ ዕድሩ ድንኳኑን አፍርሶ ወሰደ፣ ለቀስተኛውም ተበተነ። ምሥራቅ የምትቆጣው ሰው አጣች። ግድግዳ ይዛ ወደ ጓሮ ሄደችና የሥራ ክፍሉን ከፈተች። የአንድ ደንበኛ ሶፋ ግማሹ ጨርቅ ለብሶ ግማሹ ስፖንጁ እንደታየ ቆሟል። ትልቁ መርፌ ከነክሩ ጎኑ ላይ እንደተሰካ ነው። ክሩን በመርፌው ያስገባው ደግፌ ነው።

«ምን አስቸኮለህ?» አለችው በንዴት። «እኔ ላይ ጥለኸው! እዳር እንኳ ሳታደርሰው!»

መሬት ተቀመጠች፣ መርፌውን ነቀለችና ሲሠራ እንዳየችው ሰፋች። ስፌቷ ተንጋደደ፣ ግድ አልሰጣትም። እንባዋን ሳትጠርግ ወጋች፣ ሳበች፣ ወጋች፣ ሳበች። ደግፌ ያስገባው ክር እያጠረ መጥቶ ስንዝር ሲቀረው ግን እጇ ቆመ። መርፌውን መልሳ ጨርቁ ላይ ሰካችውና የተረፈችውን ክር በጣቷ ላይ ጠመጠመቻት።