ውኃ የሚያነሳ ሣጥን

ሰፈሩ «ቀዳጁ» ይለዋል። የመብራት ሠራተኛ ሆኖ ግድግዳ ስለሚበሳ አይደለም፤ ወሬ ስለሚቀድ ነው። ትራንስፎርመር ላይ ወድቆ ሳምንት ሙሉ አምፖል ሲነክስ ይበራ እንደነበር፣ ሚስቱም በአፉ ብርሃን ሸሚዝ እንደተኮሰች ሲያወራ፣ ሰው ውሸት መሆኑን እያወቀ «እስቲ ድገመው» ይለዋል። የማይስቁለት አባቱ ብቻ ነበሩ። ዕድሜያቸውን በእህል መጋዘን ሚዛን ላይ የጨረሱ ሰው ናቸው፤ ለእሳቸው ጎደለ ማለት ጎደለ ነው። ልጃቸው «ዘነበ» ቢላቸው እጃቸውን በመስኮት አውጥተው ካላዩ አያምኑም።

ስለዚህ ሙቀቱ ሲጠናባቸው ኤሲ ገዝተው «መስመሩን አንተ ዘርጋልኝ» ሲሉት፣ ቀዳጁ በትክክል መስማቱን ለማወቅ ሁለቴ ጠየቃቸው።

ሥራውን አሳምሮ ያዘው። ማሽኑ ጓሮ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ከአጠገቡ የምትቀመጠው የውጭ ማጥፊያ ብቻ ቀረች፤ ዝናብ እንዳይነካት በፕላስቲክ ሣጥን የታሸገች፣ ማሽኑ ሲበላሽ ኤሌክትሪኩን እዚያው ደጅ ላይ የምትቆርጥ። የዚህች ሣጥን ሕግ አንድ ነው፤ ገመዱ ከታች ይገባል። ከላይ ከተበሳች ውኃ ገመዱን ተከትሎ ይወርድባታል። ይህን ቀዳጁ በእንቅልፍ ልቡም ያውቀዋል።

ምን ዋጋ አለው! በአጥሩ በኩል ልብስ ሰፊውና ፀጉር አስተካካዩ አንገታቸውን አስግገው ነበር።

«እስቲ የመብረቁን ንገረን!» አለ ልብስ ሰፊው።

ድሪሉን እንደያዘ ጀመረላቸው፤ መብረቅ ሲወርድ አፍንጫውን በፒንሳ ይዞ፣ «በቆጣሪ ሳታልፍ ወዴት ነው?» ብሎ እንዴት እንደመለሰው። ፀጉር አስተካካዩ በሳቅ አጥሩ ላይ ተንጠለጠለ። ሳቁ ሲበርድ ቀዳጁ ሣጥኗን አያት፤ ከላይ በስቷታል። ከጣሪያው ሥር የወረደውንም ገመድ በዚያው ልክ ቆርጦታል፤ ዞሮ ከታች አይደርስም።

አባቱ በሩ ላይ ቆመው ነበር። «ከላይ ነው እንዴ የሚገባው? ዝናብስ?»

«አባዬ ደግሞ! ይቺ ሣጥን ባሕር ውስጥ ብትሰምጥ፣ ውስጧ ያለ ዓሣ በውኃ ጥም ነው የሚሞተው!»

ጎረቤቶቹ ሳቁ። አባቱ አልሳቁም፤ አልተቆጡምም። ሣጥኗን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ። «እንግዲህ ሥራህን አንተ ታውቃለህ። በአፍህ ነው እንጂ በእጅህ ስትዋሽ አላየሁህም» አሉና ገቡ።

ዕድሜ ልኩን ሲመኘው የኖረው የአባቱ እምነት በዚያች የማትረባ ቀልድ እጁ ገባ። «ተሳስቻለሁ፣ ረዘም ያለ ገመድ ልግዛ» ቢል ሱቁ እዚያው ማዶ ነበር። ግን ገና አሁን የታመነ ሰው በምን አፉ ይናገር? አባቱ ሳያዩ ነገ መጥቶ ሊያስተካክለው ለራሱ ቃል ገባ። ቀዳዳውን በሲሊኮን ደፈን አደረገና ቤት ውስጥ ቆጣሪው አጠገብ ያለውን ብሬከር አበራ። «ማሽኑ ያልሆነ ድምፅ ካሰማዎት መጀመሪያ ይቺን ያጥፉ» ብሎም አስተማራቸው። በነጋው ሌላ ሥራ መጣ፤ ከዚያም ሌላ። ውኃ የሚያነሳ ነገር ተናግሮ የማያውቅ ሰው፣ ውኃ የሚያነሳ ሣጥን ሠርቶ ተቀመጠ።

ዝናቡ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዱብ አለ። ቀዳጁ የሰው ቢሮ ውስጥ መሰላል ላይ ነበር፤ ቆርቆሮው ሲንኳኳ ካቻቪቴው ከእጁ ወደቀ። ደወለ፤ ስልኩ አይነሣም። በዝናቡ ወደ አባቱ ቤት ሮጠ።

አባቱ ወንበር ላይ ተቀምጠው ቀኝ እጃቸውን ጭናቸው ላይ ዘርግተዋል። ጣቶቻቸው ጠቁረው ቆዳው ተልጧል። ብሬከሩ ኤሌክትሪኩን ወዲያው ባይቆርጠው ኖሮ ልጁ የሚያገኘው ሌላ ነበር።

«ማሽኑ ሲያጓራ፣ እንዳልከኝ ላጠፋት ወጣሁ» አሉ። «ቧ አለች።»

ቀዳጁ እጃቸውን ቧንቧ ሥር ይዞ ቀዝቃዛ ውኃ እያፈሰሰ ቀና ብሎ ሊያያቸው አልቻለም።

ከሥራ መልስ ጎራ የምትል ታላቅ እህቱ ያኔ ገባች። «ውይ አባዬ! ምን ሆነው ነው?»

«የፈላ ውኃ ነው» አሉ አባቱ። ለአንድ ግራም ከነጋዴ ጋር ሲጣሉ የኖሩ ሰው፣ ዓይናቸውን ወለሉ ላይ ተክለው ተንተባተቡ።

«እኔ ነኝ፣ እትዬ» አለ ቀዳጁ። «ሣጥኗን ከላይ በስቼ ውኃ ገብቶባት ነው። ኤሌክትሪክ ነው ያቃጠላቸው።»

«ደግሞ ጀመረህ! የፈላ ውኃ ነው እያሉ አንተ በኤሌክትሪክ ታስይዛቸዋለህ? በዚህ እንኳ ትቀልዳለህ?»

እውነት ነው እንዲሉለት ወደ አባቱ ዞረ።

«ተዪው፤ ልማዱ ነው» አሉ።

እህቱ ሐኪም ቤት የሚያደርስ ታክሲ ፍለጋ ወጣች።

«አባዬ፣ ለምን?»

«መተዳደሪያህ ነው። ሰፈሩ ከሰማ ማን ያሠራሃል?» እህቱ የወጣችበትን በር አዩ። «እሷም ኤሲ ገዝታለች፤ አንተን ልታሠራ ነው። ልጆቿ ግቢ ውስጥ ነው የሚውሉት። እምቢ በላት።»

«ምን ብዬ?»

«አንተ ደግሞ ምክንያት ታጣለህ?»

ይህን ያሉት ሊወጉት አልነበረም። ከልባቸው ነው የጠየቁት፤ ያም ነው የባሰው።

እህቱ ተመለሰች። የቆሰለውን እጅ በጃኬታቸው እጅጌ ቀስ አድርጋ እያሳለፈች፣ «ስማ፣ የእኔን መቼ ነው የምትገጥምልኝ? እሑድ ይመችሃል?» አለችው።

አፉን ከፈተ። አንዲት ቃል አልመጣችለትም።

«ምነው? ምላስህን ዋጥከው እንዴ?»

አባቱ ጫማቸውን እያዩ መልሱን ጠበቁ።