የአናጢው ጃኬት

እማማ ጠርጥሬ የሚለውን ስም ያወጣላት ሰፈሩ ነው። ስኳር ስትገዛ ሚዛኑ ባዶውን ካልታየ አትከፍልም፤ ሐኪም ኪኒን ሲያዝላት ሌላ ሐኪም ዘንድ ሄዳ ታስመረምራለች፤ ኪኒኑን! ለምን ሲሏት «ጠርጥር፣ ገንፎ ውስጥም አለ ስንጥር» ብላ አፍ ታዘጋለች።

የሳሎኑ ኮርኒስ ዝናብ ገብቶበት ተሰነጠቀ። ሴት ልጇ አይታ ደነገጠች። «እማዬ፣ ይሄ አስቤስቶስ ያለበት ነው። ሲሰበር ዓይን የማያየው ብናኝ ይለቃል፤ ሳንባ ነው የሚጨርሰው። በደንቡ ካልተነሳ ሕፃኑን ይዤ አልመጣም» አለች። እማማ ጠርጥሬ ግን የአማቿ ተንኮል ነው ብላ ደመደመች። ዛሬ ኮርኒሱን፣ ነገ ቤቱን! ያን ኮርኒስ የመታው ሟች ባሏ ነው፤ አርባ ዓመት ከራሷ በላይ ሲኖር ምን አደረጋት?

ባሏ እጁ የተባረከ አናጢ ነበር። የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት ሳል አሰቃይቶ ገደለው። ሐኪሙ «ያጨስ ነበር?» ብሎ ሲጠይቃት፣ ስትጠረጥር የኖረችው ነገር ማኅተም አረፈበት። አልጋው ላይ ሆኖ «ሲጋራ ከንፈሬን ነክቶ አያውቅም፤ እመኚኝ» ሲላት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ዋሽቶኝ ሞተ ትላለች እስከ ዛሬ፤ ይቅርም አላለችውም።

የልጅ ልጇ ናፍቆት ቢያሸንፋት ግን እሺ አለች፤ ልጇ የላከቻቸው ሠራተኞች ሦስት ሆነው በጠዋት መጡ። ፎርማኑ ከሳሎን እንድትወጣ ነገራት። እሷም ደህና ደህናዎቹን ማንኪያዎች ቀሚሷ ኪስ ከታ፣ ግቢውን ተሻግራ የማድቤቱ መስኮት ሥር ተቀመጠች። ሰዎቹ እስከ ራሳቸው የሚሸፍን ነጭ ቱታ ለበሱ፤ አፍና አፍንጫቸውን በወፍራም ማስክ ከደኑ፤ በሩን በላስቲክ ጋርደው ዙሪያውን በፕላስተር አሸጉ። ለደህና ሥራ ፊት መሸፈን ምን አመጣው? ሾልካ ሄዳ በሳሎኑ መስኮት አየች። ኮርኒሱ ላይ ውኃ ይረጫሉ። ባሏ በመዶሻ ሁለቴ ብሎ የሚያወርደውን ሰሌዳ፣ እነሱ ምስማሩን አንድ በአንድ እየነቀሉ ሳይሰብሩ እንደ ታመመ ሰው ደግፈው ያወርዱታል፤ ከዚያ በላስቲክ ደርበው ይጠቀልሉታል። የሚደብቁት ነገር ባይኖር ይህን ያህል ባልተጠነቀቁ አለች።

ሥራው አልቆ ፎርማኑ ቱታውን ወደ ውስጥ እየገለበጠ አወለቀና ከሰሌዳዎቹ ጋር ሊጥለው ላስቲክ ውስጥ ከተተው። እማማ ጠርጥሬ ዘላ ፊቱ ቆመች።

«አየሁህ! ደህና ልብስ የሚጣለው ምን ቢደበቅበት ነው? የምታጥብልህ ሚስት የለችህም?»

ፎርማኑ ሳቀ። «ለእሷው ብዬ እኮ ነው፣ እማማ። የድሮ አናጢዎች ይሄን በመጋዝ ሲቆርጡ ውለው ብናኙን በልብሳቸው ቤት ያስገቡ ነበር። እነሱ ሲጋራ እንኳ ሳያጨሱ፣ ከሠላሳ አርባ ዓመት በኋላ በሳል አለቁ። ልብሳቸውን ያራገፉ ሚስቶችም ታመዋል።»

እማማ ጠርጥሬ የባሏ ጃኬት ትዝ አላት። ባሏ ማታ ማታ ዱቄት የተነሰነሰበት መስሎ ይገባ ነበር። እጁን ሳይታጠብ ጃኬቱን ትቀበለውና አንገትጌው፣ ብብቱ፣ ኪሱ ውስጥ አፍንጫዋን ቀብራ በረጅሙ ትስባለች፤ የሲጋራ ሽታ ፍለጋ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ! አንድም ቀን አላገኘችም። ባላገኘች ቁጥር «መንገድ ላይ አናፍሶት ነው የሚመጣው» እያለች ጥርጣሬዋ ይብስባታል። እሱ ደግሞ በር ላይ ቆሞ፣ እስክትጨርስ ይጠብቃት ነበር።

«አንተ ልጅ፣ ና ተከተለኝ» አለችው ፎርማኑን።

ጓዳ ገብታ ቁምሳጥኑን ከፈተች። ጃኬቱ ሳይታጠብ እዚያው ተሰቅሏል። ያስቀመጠችው ለትዝታ አልነበረም፤ በወዲያኛው ዓለም ሲገናኙ ማስረጃ ይሆነኛል ብላ ነው። አሁን ልታቅፈው እጇን ዘረጋች።

«እማማ፣ እንዳይነኩት! በሩ ጋ ይቁሙልኝ።» ፎርማኑ አዲስ ማስክ አደረገ፤ ጃኬቱን ቀስ አድርጎ ውኃ ረጨውና ሳያራግፍ ላስቲክ ውስጥ አወረደው። «እርስዎም ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። የአናጢ ሚስት ነበርኩ ብለው ይንገሩት።»

«እነግረዋለሁ» አለች። «ግን ትንሽ ታገሠኝ፤ አሁን አታሽገው። ቀድሜ የምነግረው ሰው አለ።»

ፎርማኑ ፕላስተሩን እንደያዘ ቆመ። እማማ ጠርጥሬ ከደጃፉ ሳታልፍ፣ አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና ወደ ላስቲኩ አየች።

«አላጨስክም» አለችው።