እማማ ናቴርሲያ ከመስኮቱ ያዩት

በበጋ፣ በሙቀቱ ወራት፣ የባሕር ዳር ከተማችን ፖርት ሎሬል የእኛ አይደለችም። ከተራራው ማዶ ከሸለቆው ሙቀት የሸሸው ሁሉ ልጆቹን፣ ውሻውንና ጃንጥላውን ጭኖ ይመጣና አሸዋው ላይ መርገጫ ይጠፋል። በብርዱ ወር በየካቲት ግን መንገዱ ጭር ይላል። ከረሜላ ቤቱ በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ ይከፍታል፤ ሻላ ወፎቹም ወደ ባሕሩ በሚዘልቀው የእንጨት ድልድይ አጥር ላይ እንደ ጡረተኛ ተደርድረው ይውላሉ። የምነግራችሁ ነገር የሆነው በየካቲት ነው።

እኔና ኢዳሊና ፉርታዶ ለእንግዳ የሚከራዩ ቤቶችን እናጸዳለን። አንሶላ እንቀይራለን፣ ከመታጠቢያው አሸዋ እንጠርጋለን፣ እንግዶች የረሱትን የዋና ልብስ እንሰበስባለን። ከምናጸዳቸው ቤቶች አንዱ፣ ከመንገዱ መጨረሻ ከዐለቶቹ በላይ ያለው፣ ኢዳሊና የተወለደችበት ነው። አባቷ አልቨሪኖ ናቸው በገዛ እጃቸው የሠሩት። ጠላቂ ነበሩ፤ አባሎኒ የሚባለውን፣ እንደ ሰሃን የሰፋ ቅርፊት ያለውን የባሕር ቀንድ አውጣ ከዐለት እየፈለቀቁ አራት ልጅ አሳድገዋል።

የዛሬ አሥራ አራት ዓመት፣ ዝናቡ ሳያባራ ሳምንት በሞላው ክረምት፣ አልቨሪኖ ልባቸውን ታመው በአምቡላንስ ከተራራው ማዶ ወዳለው ትልቅ ሆስፒታል ተወሰዱ። አምቡላንሱ ካለፈ በኋላ ተራራው ተደርምሶ መንገዱን ዘጋው። ሚስታቸው እማማ ናቴርሲያ ቦርሳቸውን አዘጋጅተው፣ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ መንገዱ እስኪከፈት ሁለት ቀን ወንበር ላይ ተቀመጡ። መንገዱ ሲከፈት ባላቸው ሞተው ነበር።

ልጆቹ ቤቱን ይዘው መቆየት አልቻሉም፤ ተሸጠ። ገዢዋ ካሪን የምትባል የትልቁ ከተማ ሴት ናት። ግድግዳ አፈረሰች፣ ሁሉን ነጭ ቀባች፣ ትንሿን የወጥ ቤት መስኮት አንስታ ከጥግ እስከ ጥግ በሚደርስ መስተዋት ተካቻት። ኢዳሊና እናቷን ይዛ ከተራራው ማዶ፣ የአንድ ሰዓት መንገድ ርቃ፣ ጠባብ አፓርታማ ገባች። በኋላ የጽዳት ድርጅታችን የሥራ ዝርዝር ሲያወጣ ያ ቤት በስማችን መጣ።

«እምቢ በያቸው!» አልኳት።

«ሌላ ሰው በቆሻሻ ጨርቅ ከሚወለውለው እኔ ብወለውለው አይሻልም?» አለችኝ። «ደግሞ የትኛው የወለል ጣውላ እንደሚጮኽ ማን ያውቃል ከኔ በላይ?»

እየቀለደች ነበር፤ ግን የአባቷን መኝታ ቤት ስታጸዳ በሩን ትዘጋው ነበር። እኔም አልገባም።

እማማ ናቴርሲያ ሰማንያ ስድስት ሲሞላቸው መርሳት ጀመሩ። መጀመሪያ ምድጃ ማጥፋት፣ ቀጥሎ ስም፣ ከዚያ ጠዋቱን ከማታው። አንድ ነገር ግን አልረሱም። በየቀኑ አመሻሹ ላይ ካፖርታቸውን ይለብሱና በሩ አጠገብ ይቆማሉ።

«መቼ ነው ወደ ቤት የምንሄደው?»

«እማዬ፣ ቤትሽ እኮ ነው።»

«ይሄ? ይሄማ የማላውቀው ሰው ቤት ነው። ባሕሩ የታለ?»

ይሄንን ለሁለት ዓመት በየቀኑ ስሙት። ኢዳሊና አንድ ማክሰኞ በዚያ ቤት አልጋ እያነጠፍን ሳለ ትራሱን አቅፋ ተቀመጠችና «ግሌንዳ፣ ላመጣት ነው» አለችኝ።

«የት?»

«እዚህ። የሚቀጥለው ሳምንት ቤቱ ባዶ ነው። አንድ ሰዓት ትቀመጥ፣ ትይ፣ እንመለሳለን።»

«ከሥራ ያባርሩሻል።»

«ያባርሩኝ። በሩ ላይ ቆማ ስትለምነኝ ከማይ የፈለጉትን ያድርጉኝ።» ዐይኗን በአንሶላው ጥግ ጠረገችና «ትመጫለሽ አትመጪም?» አለች።

መጣሁ እንጂ፣ ምን አደርጋለሁ።

ያን ዕለት ጭጋጉ ቀድሞ ተገፎ ባሕሩ ጥርት ብሎ ነበር። እማማ ናቴርሲያን ደግፈን ከመኪና ስናወርዳቸው ነፋሱን አሸተቱና ፈገግ አሉ። ኢዳሊና እኔን አየችኝ፤ ፊቷ በርቶ ነበር። የበሩን መክፈቻ ቁጥር ነካክታ ከፈተች።

እማማ ናቴርሲያ ገብተው መሐል ወለሉ ላይ ቆሙ። ነጩን ሶፋ አዩ፣ ግድግዳው ላይ ለጌጥ የተሰቀለውን ከገመድ የተሠራ መልሕቅ አዩ። ቦርሳቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ እንግዳ ቤት እንደሄደ ሰው፣ ምንም ሳይነኩ።

«እንዴት ያምራል» አሉ። «የማን ቤት ነው?»

«ያንቺ እኮ ነው እማዬ። አባዬ የሠራልሽ።»

«ኧረ አይደለም ልጄ። አንቺ ደግሞ።» ወደ እኔ ዞሩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ባለቤቶቹ ሳይመጡ ወደ ቤታችን ብንሄድ አይሻልም?» አሉኝ።

ኢዳሊና መታጠቢያ ቤት ገብታ ቧንቧውን ከፈተችው። ለቅሶዋ እንዳይሰማ ነበር፤ ግን ተሰማ።

እኔ እማማን ምን እንደማደርጋቸው ጠፋኝና ወደ ወጥ ቤት ወሰድኳቸው። ወንበር ስስብላቸው እሳቸው አልተቀመጡም። የዕቃ ማጠቢያው ፊት ሄደው ቆሙ። ማጠቢያው ቦታው አልተለወጠም ነበር። ቦርሳቸውን ጠረጴዛ ላይ አኖሩ፤ ሁለት እጃቸውን ጠርዙ ላይ አሳርፈው በዚያ ሰፊ መስተዋት ወደ ታች ወደ ዐለቶቹ ተመለከቱ። ከንፈራቸው መንቀሳቀስ ጀመረ።

ልክ በዚያ ሰዓት የውጭው በር ተከፈተ። ካሪን ነበረች። ከቧንቧ ሠራተኛ ጋር ቀጠሮ ይዛ ማንንም ሳታስታውቅ ከከተማ መጥታለች። መጀመሪያ እኔን አየችኝ፣ ቀጥላ ባልዲ እንደሌለኝ አየች።

«ግሌንዳ? ዛሬ ጽዳት አለ እንዴ?»

«የለም» አልኩ። ልዋሽ ሞክሬ አፌ እምቢ አለኝ።

«ታዲያ እዚህ ምን ትሠራላችሁ? እኚህስ ማን ናቸው?»

እማማ ናቴርሲያ ዞር ሳይሉ አንድ ጣታቸውን አነሡ። «ዝም በይ» አሉ። «እየቆጠርኩ ነው።»

ካሪን አፏን ከፍታ ቀረች። ኢዳሊና ፊቷ ረጥቦ ከመታጠቢያ ቤት ወጣች፤ ሴትዮዋን ስታይ ግን አልደነገጠችም። ከዚያ በላይ የሚያስደነግጣት ነገር ያለቀ ይመስለኛል።

«እናቴ ናት» አለች ቀስ ብላ። «ይሄ ቤቷ ነበር። አባቴ ለቤት የሚበላውን አባሎኒ ከነዚያ ዐለቶች ሥር፣ ትንፋሹን ይዞ እየጠለቀ ነበር የሚያመጣው። እሷ እዚህ ቆማ ከውሃው እስኪወጣ ትቆጥር ነበር። እሱ አያውቅም። እኔ ነኝ የማውቀው፤ የምታጥበው ዕቃ ድምፅ ሲቆም አባዬ ውሃ ውስጥ ነው ማለት ነው።»

የካሪን ቁጣ ፊቷ ላይ እንዳለ ነበር፤ ግን በማን ላይ እንደምታወጣው አላወቀችም። የመኪና ቁልፏን ጠረጴዛው ላይ ድምፅ ሳታሰማ አኖረችና ከእማማ ናቴርሲያ ጎን ሄዳ ቆመች። እሷም ወደ ታች አየች።

«ስንት ደረሱ?» አለቻቸው።

«ዛሬ ቆየ» አሉ እማማ። ጣቶቻቸው ጠርዙ ላይ ነጭ ሆነው ነበር። «አልቨሪኖ እንዲህ አይቆይም።»

አራታችንም ቆመን ባሕሩን አየን። ምን እንደምጠብቅ አላውቅም፤ ግን ትንፋሼን ይዤ ነበር። ማዕበሉ ይመጣል፣ ዐለቱ ላይ ይሰበራል፣ የባሕሩ ሣር ይነሳል፣ ይተኛል።

ድንገት እማማ ናቴርሲያ በረጅሙ ተነፈሱ።

«ወጣ» አሉ።

ሣሩ መሐል ጥቁር ነገር ብቅ ብሎ ነበር። የባሕር አንበሳ የሚሉት እንስሳ ይሁን፣ ውሃ የገፋው እንጨት ይሁን፣ እኔ አልለየሁትም። እሳቸው ለዩት። ትከሻቸው ወረደ፣ ፊታቸው ወጣት ሆነ። እጃቸውን በሌለ ሽርጥ ጠረጉ። ቦርሳቸውን አንሥተው ካሪንን ትከሻዋን መታ መታ አደረጉና «አንቺም ባል ካለሽ አትንገሪው እንደምትቆጥሪ። ይኩራራል» አሏት።

ካሪን ሳቀች፣ ወዲያው ደግሞ ፊቷን አዞረች።

«በሉ እንሂድ» አሉ እማማ። ወደ ካሪን እያመለከቱም «ልጅቱ ሥራ አላት።»

ስንመለስ ኢዳሊና ትነዳ ነበር፤ እኔ ከጎኗ ነበርኩ። እናቷ ከኋላ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ተራራውን ስንወጣ ባሕሩ በኋላ መመልከቻው መስተዋት ታየና ጠፋ።

«ለሷ ባሏ ወጣላት» አለች ኢዳሊና። «የኔስ አባት?»

እጇን መሪው ላይ ያዝኩት።

በሳምንቱ ካሪን ለድርጅቱ ደወለች። የምንባረርበት ቀን መሰለን። እሷ ግን ስለዚያ ቀን አንድም ቃል አልተናገረችም፤ ለኢዳሊና ብቻ አድርሱ ብላ መልእክት ተወች፦ ቤቱ ባዶ በሆነ ቀን ሁሉ እናትሽን አምጪ። ኢዳሊና አመሰገነች። አላመጣቻቸውም ግን፤ አላስፈለገም። እማማ ናቴርሲያ ከዚያን ቀን ወዲህ ካፖርት ለብሰው በር ላይ አልቆሙም። አመሻሹ ላይ አትክልት ይከትፋሉ፣ ወይም እንደከተፉ ያስባሉ፣ በጊዜ ይተኛሉ። «መቼ ነው የምንሄደው» የሚለው ጥያቄ ከአፋቸው ጠፋ።

ጥያቄው ወደ ልጃቸው ነው የዞረው። ኢዳሊና ያን ቤት ከሥራ ዝርዝሯ እንዲያወጡላት ጠየቀች። «ስገባ ባዕድ ሆኜ ነበር የምገባው፤ እሱን ለምጄው ነበር» አለችኝ። «አሁን እናቴ ስትቆጥር ካየሁ በኋላ ከነጩ ቀለም ሥር ያለው ሁሉ ይታየኛል። ማጠቢያውን መወልወል አልችልም።» እኔ ከሌላ ሴት ጋር ማጽዳቴን ቀጠልኩ። ኢዳሊና ከእንጨት ድልድዩ አለፍ ብለው ያሉትን ሞቴሎች ወሰደች።

እማማ ናቴርሲያ በቀጣዩ ዓመት፣ የበጋው ግርግር ካለቀ በኋላ፣ በእንቅልፋቸው አረፉ። ከባላቸው ጎን፣ ባሕሩን ከሚያየው ኮረብታ ላይ ቀበርናቸው። ከቀብር ስንመለስ ኢዳሊና ጫማዋን አውልቃ ከድሮ ቤታቸው በታች ወዳለው አሸዋ ወረደች፤ ተከተልኳት። ሰገነቱ ላይ የማናውቃቸው ሰዎች ልጆች ነበሩ፤ እጃቸውን አወዛወዙልን፣ እሷም አወዛወዘችላቸው።

«እንግዶቹ ነገ ይወጣሉ» አልኳት። «ከፈለግሽ ብቻሽን ገብተሽ ትቀመጪያለሽ። የበሩን ቁጥር አልቀየሩትም።»

«አይ» አለች። «ገብቼ ማንን ልጠብቅ?» ከዚያ ግን መሄጃው ጠፋትና አሸዋው ላይ ተቀመጠች፤ ጎኗን መታ መታ አድርጋ ቦታ ሰጠችኝ። ብርዱ እስኪያስነሳን ድረስ ወደ ዐለቶቹ እያየን እዚያው ቆየን።