የጌታ ሃርትቪግ የቁም ቀብር

ጌታ ሃርትቪግ ትራነሃልስ ከኮፐንሃገን ሲመለሱ ፊታቸው ዝናብ ያዘለ ደመና መስሎ ነበር። ሰዉ ፈራ። ከንጉሡ ሃያ አማካሪዎች አንዱ ናቸዋ፤ እሳቸው ሲከፋቸው ጭሰኛው ወይ ጦርነት መጣ ወይ ግብር ተጨመረ ብሎ ነው የሚተረጉመው። ነገሩ ግን ሌላ ነበር። ጎረቤታቸው ጌታ ፓለ፣ እሳቸውም አማካሪ ናቸው፣ ወንድማቸውን ቀብረው የቀብሩን ስብከት አሳትመው ለምክር ቤቱ ሰው በሙሉ አደሉት። ዘጠና ሁለት ገጽ ነው። መኳንንት የሚኮሩባቸው አሥራ ስድስቱ ቅድመ አያቶች ከነጋሻቸው ተሥለውበታል። ሟቹ እኮ በሕይወቱ ከአልጋ ወርዶ የሠራው ነገር ቢኖር አደን ነው፣ እሱንም ይስት ነበር።

ጌታ ሃርትቪግ ሦስት ቀን እህል አልቀመሱም አሉ። ማለት ሾርባና ዳክዬ ብቻ። እኔ ስሞት ማን ነው ዘጠና ሁለት ገጽ የሚናገርልኝ፣ የሚል ሐሳብ ገብቶባቸው ነው። በአራተኛው ቀን መላ መጣላቸው። የደብሩ ቄስ በዚያው ክረምት ሞቶ ቦታው ባዶ ነበር፣ ደብሩን ለማን እንደሚሰጡ የሚወስኑት ደግሞ እሳቸው ናቸው። ስለዚህ አዋጅ ተነገረ። ለደብሩ የሚወዳደር ሁሉ ከበዓለ ሃምሳ ቀጥሎ ባለው እሁድ መጥቶ የጌታ ሃርትቪግን ቀብር ይሰብካል፤ ጌታ ሃርትቪግም ቁጭ ብለው ይሰማሉ፤ ያሳመረ ደብሩን ይወስዳል። የቁም ተዝካር ያወጣ ሰው ሞልቷል። የቁም ቀብር ግን ያኔ ነው የታየው።

አገሩ በሳቅ ሲፈነዳ ያልሳቀችው የሟቹ ቄስ ሚስት አፖሎኔ ብቻ ናት። አዲስ ቄስ ሲገባ ቤቱንም፣ ላሞቹንም፣ የሟቹንም ሚስት ነው የሚረከበው፤ ድሮም እንደዚያው ነው። ባሏ ራሱ በሃያ አምስት ዓመቱ የስድሳ ሦስት ዓመት ባልቴት ተረክቦ፣ እሷን በወጉ ቀብሮ ነው አፖሎኔን ያገባት። አፖሎኔ አሁን አርባ ስምንት ሞልቷታል። የማንንም ካልሲ ዳግመኛ ማጠብ አትፈልግም። አላገባም ካለች ደግሞ እስከ መስከረሙ የቅዱስ ሚካኤል በዓል ቤቱን ለቅቃ መንገድ ላይ መውደቋ ነው።

ከሐይቁ ዳር የድሮ ዓሣ አጥማጅ ጎጆ ነበረች። ሁለት መስኮት፣ አንድ ምድጃ፣ ከኋላ ለጎመን የምትበቃ መሬት። አፖሎኔ ጌቶች ግቢ ድረስ ሄዳ፣ ከፈረሶቹ ጋር በር ላይ ግማሽ ቀን ቆማ፣ ይቺን ጎጆ ለመነች። ጌታ ሃርትቪግ በጣም ነው የገረማቸው። ቡችሎቼስ የት ይደሩ፣ አሏት። የአደን ውሻቸው ስድስት ወልዳ እዚያ ነው የምታሳድገው፤ እናትየዋ ከእንግሊዝ አገር የመጣች ናት፣ ዘሯም እስከ ሰባት ትውልድ ይቆጠራል። የአፖሎኔ ዘር እስከ አያቷ ነው የሚታወቀው፣ እሱም ቆዳ ፋቂ ነበር። ምን ብላ ትከራከር።

በሳምንቱ አንደኛው ተወዳዳሪ ማጊስተር ክሌመንት፣ ማዕረጉ የሊቅ ነው፣ ቤቱን ሊያይ መጣ። ሦስት ሚስት የቀበረ ሰው ነው። ጣራውን አየ፣ ጓዳውን አየ፣ በረት ገብቶ የላሞቹን አፍ እየከፈተ ጥርሳቸውን ቆጠረ። ከዚያ ወደ አፖሎኔ ዞረ። አፖሎኔ አፏን ግጥም አድርጋ ዘጋች።

«ሳል አለብሽ እንዴ?» አላት።

«ክረምት ክረምት።»

«ጥሩ ነው» ብሎ ሄደ።

ሁለተኛው ኤስበን ይባላል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ከሰውነቱ በፊት ጆሮው የሚደርስ ልጅ። ከደጇ ሲቆም ርቦት ነበር፤ ሦስት ሳህን የጎመን ሾርባ ጠጥቶ ነው ወሬ የጀመረው። ሁለት ቀን ሙሉ መንደር ለመንደር ዞሮ ጌታ ሃርትቪግ የሠሩትን አንድ ደግ ነገር ንገሩኝ እያለ ሲጠይቅ ነበር ለካ። ሰዉ አስቦ አስቦ አጣ። አንድ ሽማግሌ ብቻ፣ አንድ ጊዜ ሦስት ዓመት ሙሉ ውጭ አገር ሄደውልን ነበር፣ እሱን ጻፈው፣ አሉት። ሌላው ጭሰኛ ጭኑን እያሻሸ ወደ ግቢው ጠቆመው። ግቢው መሐል የእንጨት ፈረስ አለ፣ ጀርባው እንደ ቢላ የሾለ። ለግቢው ሥራ አርፍዶ የመጣ ሰው እሱ ላይ ተቀምጦ እንዲያስብበት ይደረጋል።

ኤስበን ሾርባውን ጨርሶ አንገቱን ደፋ።

«እትዬ፣ አይቀየሙኝና... እኔ ኦርሁስ ከተማ የምወዳት ልጅ አለችኝ።»

«እኔም የምወዳት ጎጆ አለችኝ» አለችው አፖሎኔ። «ሂድ ያን ቀለምና ወረቀት አምጣልኝ።»

ማንም የማያውቀው ነገር ይሄ ነው። ባሏ ነፍሱን ይማረውና ድምፁ ደወል ነበር፣ ግን የሚለው ነገር አልነበረውም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ስብከቱን ጓዳ ውስጥ፣ ቅቤ እየናጠች፣ የምታወጣለት አፖሎኔ ናት። በስቅለት ቀን ጌታ ሃርትቪግን ሁለት ጊዜ አስለቅሳቸዋለች። ምን እንደሚያስለቅሳቸው ታውቃለች እንግዲህ፤ እሳቸውን የሚያስለቅሳቸው እሳቸው ናቸው። አራት ቀን ጻፈች። ኤስበን አነበበና ጆሮው ቀላ። ይሄማ ውሸት ነው፣ ቢላት፣ ገና ያልሆነ ነገር ውሸት አይባልም፣ አለችው። አንዲት ቃል ቢጨምርባት ግን ያን ጆሮውን ይዛ ከመስበኪያው እንደምታወርደው ነገረችው።

እሁድ ደረሰ። ቤተ ክርስቲያኑ ጢም ብሏል። ጌታ ሃርትቪግ ከላይ፣ መስኮት ባላት የጌቶች ሰገነት ላይ፣ ጥቁር ለብሰው ለራሳቸው ሐዘን ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ጌታ ፓለ አሉ፤ ዓይተው እንዲቃጠሉ ነው የተጋበዙት። የሬሳ ሣጥኑ ባዶ እንዳይመስል ድንጋይ ተሞልቶ ስለነበር ስምንት ጭሰኛ እያለከለከ ነው የተሸከመው። ሲያስቀምጡት ጌታ ሃርትቪግ ከላይ ሆነው ትንሽ ወደ ብርሃኑ አስጠጉልኝ አሉ።

ማጊስተር ክሌመንት ቀደመ። ከአዳም ጀመረ። ኖኅ ጋ ሲደርስ ልጆች ተኝተዋል፣ አሥራ ስድስቱ ቅድመ አያቶች ጋ ሲደርስ እናቶችም ተኝተዋል። ጌታ ሃርትቪግን የሊባኖስ ዝግባ አላቸው፣ አንበሳ አላቸው፣ ሰሎሞን አላቸው። እስከዚህ ደህና ነበር። መጨረሻ ላይ ሰዉን ላስለቅስ ብሎ፣ ያ አንበሳ በእርጅናው ጥርሱ ረግፎ፣ የአሽከሮቹን ስም እንኳ ረስቶ፣ እያለ ሲሄድ ሰገነቱ ላይ መስኮቷ በቡጢ ተመታች።

«ጥርሴ አለ» ተባለ ከላይ።

ክሌመንት ወረደ፣ ኤስበን ወጣ። ወረቀቱን ዘረጋ። አፖሎኔ ከሴቶቹ መሐል ተቀምጣ ከንፈሯን ከሱ እኩል ታንቀሳቅሳለች።

«ስለ ግንቦቻቸው አልናገርም» አለ ኤስበን። «ግንቡን ሁሉም ያየዋል። ስለ ሰንጋዎቻቸውም አልናገርም፤ ሃምቡርግ ድረስ ተበልተዋል። እኔ የምነግራችሁ ስለ አንድ ማክሰኞ ነው። ዝናብ ይጥል ነበር። ይህ ታላቅ ሰው አንዲት ባልቴት መጠጊያ እንደሌላት ሰሙ። አሽከር አላዘዙም። ራሳቸው ወደ ሐይቁ ወርደው ቡችሎቻቸውን አንድ በአንድ አቅፈው አወጡ። የመጨረሻውን፣ ደካማውን፣ ኮታቸው ውስጥ ሸሸጉት። ጎጆዋንም ለባልቴቲቱ ዕድሜ ልኳን ሰጧት፣ ከአንዲት ላም ጋር።»

ላሚቱ እንኳ ረቂቁ ላይ አልነበረችም። አፖሎኔ ቅዳሜ ዕለት ነው ያስገባቻት።

መጀመሪያ ያለቀሱት አሮጊቶቹ ናቸው። ከዚያ ወንዶቹ ባርኔጣቸውን ፊታቸው ላይ ደፉ፣ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሳቅ ይሁን ለቅሶ እግዚአብሔር ይወቀው። ጌታ ሃርትቪግ ግን የምራቸውን ተንሰቀሰቁ። እንዲህ ያለ ደግ ሰው ሞተ ብለው መሐረባቸውን አራሱ። ጌታ ፓለ ቀስ ብለው ወደሳቸው ዘንበል አሉ። የወንድማቸው ዘጠና ሁለት ገጽ ውስጥ አንድም ቡችላ አልነበረም።

«ሃርትቪግ፣ ይሄን መቼም አልነገርከኝም። እውነት ነው?»

ጌታ ሃርትቪግ ተነሥተው ቆሙ። «ቃል በቃል» አሉ፣ ቤተ ክርስቲያኑ በሙሉ እየሰማ። «እኔ የሠራሁትን የማወራ ሰው አይደለሁም።»

ሰዉ ወጥቶ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆሞ እያለ አፖሎኔ ሕዝቡን ሰንጥቃ መጣች፣ ጉልበቷን አጠፈች፣ እጃቸውን ሳመች። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጌታዬ» አለች። «እንግዲህ ያ የተባለው ማክሰኞ የፊታችን ነው፤ እጠብቅዎታለሁ።»

ጌታ ሃርትቪግ አፋቸውን ከፈቱ። ምን ሊሉ እንደነበር እስከ ዛሬ አይታወቅም። የሰበካው ሰው በሙሉ ባርኔጣውን አውልቆ ይመለከታቸዋል፤ ክሌመንት ሳይቀር። አሁን ውሸት ነው ካሉ የአፖሎኔ ጎጆም ሄደች፣ እሷም ሄደች፣ የኤስበንም ደብር ሄደ።

«ማክሰኞ እኔም ሥራ የለኝም» አሉ ጌታ ፓለ በጣም ለስለስ ብለው። «ያን የመጨረሻውን ቡችላ ባየው ደስ ይለኛል።»

በቃ፣ አለቀ።

ማክሰኞ ደግሞ ዘነበ፣ ያውም እንዴት ያለ ዝናብ። ጌታ ሃርትቪግ የወፍጮ ድንጋይ የሚያክል ክብ ሽንሽን ነጭ የአንገት ልብሳቸውን አድርገው፣ ጥቁር የከፋይ ኮታቸውን ለብሰው፣ ጭቃውን እያቦኩ ወደ ሐይቁ ወረዱ። አገሩ በሙሉ ሥራ ፈትቶ ከዛፎቹ ሥር ተደርድሯል፤ ያን ቀን አርፍደሃል የሚል አለቃ አልነበረም። ቡችሎቹን አንድ በአንድ አቅፈው አወጡ። አንዱ የአንገት ልብሳቸውን ነከሰ። የመጨረሻው፣ ደካማው፣ ኮታቸው ውስጥ እንደገባ ሸናባቸው። ጌታ ፓለ ጃንጥላ የሚያክል ባርኔጣቸው ሥር ሆነው፣ ይሄም ስብከቱ ላይ አለ እንዴ፣ ብለው ጠየቁ። ላሚቱም መጣች፤ ቀንዷ አንድ ነው ግን ትታለባለች።

ኤስበን ደብሩን ያዘ፣ የኦርሁስ ልጁንም አመጣ። ክሌመንት የበለጠ የምትስል ባልቴት ያለችበት ደብር እንዳለ ሰምቶ ወደ ሰሜን ሄደ። አፖሎኔ ጎመኗን ተከለች። ደካማው ቡችላ ከግቢው ሁለት ጊዜ አምልጦ ወደ ጎጆዋ ተመለሰ፤ በሦስተኛው ማንም ሊወስደው አልመጣም።

ነሐሴ ውስጥ አንድ ቀን ረፋድ ላይ በሯ ተንኳኳ። ጌታ ሃርትቪግ ናቸው፣ ብቻቸውን። ጎንበስ ብለው ገቡ፣ ያለችው አንዲት ወንበር ላይ ተቀመጡ፣ ቡችላውን አዩት፤ ቡችላው አላወቃቸውም።

«ኤስበን ባለፈው እሁድ ስለ ዮናስ ሰበከ» አሉ። «ዓሣ ነባሪው ራሱ አንቀላፋ። ያ ልጅ ሁለት ዓረፍተ ነገር አያይዞ መናገር አይችልም። የኔን ስብከት ማን እንደጻፈው አውቄያለሁ።»

«አዎ ጌታዬ።»

«በሕዝብ ፊት፣ በፓለ ፊት፣ የውሻ ቤቴን ዘረፍሽኝ።»

«አዎ ጌታዬ።» አፖሎኔ ምድጃው ጠርዝ ላይ እጇን አሳረፈች። ገና ትላንት ነው የለሰነችው። አስወጡኝ፣ በቃ፣ ብላ አሰበች፤ የትኛውን ድስት እንደምትይዝ ሁሉ በሐሳቧ መረጠች።

ጌታ ሃርትቪግ እጃቸውን ኮታቸው ውስጥ ከተቱና፣ ያው ቡችላው የሸናበት ኮት ነው፣ ወረቀት አወጡ። ማተሚያ ቤቱ ለናሙና የላከው ስብከት ነበር። ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው በመዳፋቸው ዳበሱት።

«አሥራ አራት ገጽ» አሉ። «ከነአያቶቼ አሥራ አራት። የፓለ ወንድም ዘጠና ሁለት አለው።» እንደ ልጅ ቀና ብለው አዩዋት። «ከዚያስ? ከዚያ ማክሰኞ በኋላ ምን አደረግሁ?»

አፖሎኔ ወደ ውጭ አየች። በመስኮቷ ከሐይቁ ማዶ ግቢው ይታያል። የእንጨት ፈረሱ ላይ አንድ ሰው ተቀምጧል፣ እግሩ ላይ ድንጋይ ታስሮበት።

«ጌታዬ፣ ያልተደረገ ነገር መጻፍ ኃጢአት ነው» አለች።

«ቡችሎቹስ?»

«ለሱ ንስሐ ገብቻለሁ።» ቀለሟን ከመደርደሪያው አወረደች። «ግቢዎ ውስጥ መጥረቢያ አይጠፋም መቼም።»

እሳቸውም እሷ ወደምታይበት አዩ። አንገታቸው ከዚያ ነጭ ድንጋይ ከሚመስል ልብስ ውስጥ ቀስ እያለ ረዘመ።

«ፈረሱን ላስቆርጠው» አሉ በመጨረሻ «ወይስ ራሴ ልቁረጠው?»

አፖሎኔ ቀለሙን በላባ ብዕሯ ጫፍ በጠበጠች።

«ራስዎ ከሆኑ» አለች «ሦስት ገጽ ይወጣዋል።»