የተውሶ ጣት

ጋሽ ማርሽ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ አውቶቡስ ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ስኳርና ደም ግፊት ከተደራረቡባቸው ወዲህ ግን መሪውን ሴት ልጃቸው ይዛዋለች። የምትኖረው ራቅ ብላ ስለሆነ የስኳር መለኪያ ገዝታ ሰጥታቸው፣ ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆዳቸው ተለክተው ቁጥሩን በስልክ ፎቶ አንስተው ይልኩላታል። በቃል ቢነግሯት አታምንም፤ አባቷን ታውቃቸዋላ።

አንድ ቀን ጎረቤት ልደት ተጠሩና ኬክ ቀረበላቸው። የመጀመሪያውን ቁራሽ ለይሉኝታ፣ ተከታዩን ባለልደቷን ላለማስቀየም፣ ሌላውን ደግሞ ለራሳቸው ሲሉ በሉ። በማግስቱ አፋቸው ኩበት ሆኖ ነቁ። መለኪያውን ሲያዩት የልጃቸው ቁጣ ገና ሳይደወል ተሰማቸው።

ወዲያው ታናሽ ወንድማቸው ትዝ አላቸው። ጸጉር አስተካካይ ነው፤ ሐኪም ቤት የሚያውቀው በሽተኛ ሊጠይቅ ሲሄድ ብቻ መሆኑን ለደንበኛው ሁሉ ሲያወራ የሚውል። ጋሽ ማርሽ መለኪያውን ኪሳቸው ከትተው ሲደርሱ ሱቁን እየከፈተ ነበር፤ ቁርስ አልቀመሰም። ችግራቸውን ሲነግሩት እየሳቀ ጣቱን ዘረጋላቸው።

"ውሰድ ጋሼ፤ ልጅህ ጤነኛ ደም ምን እንደሚመስል ትይ" አለ።

ወጉት። የወጣው ቁጥር ጋሽ ማርሽ በራሳቸው ጣት ላይ አይተውት የማያውቁት ነበር። ወንድምየው መሣሪያው ተበላሽቷል ብሎ ድርቅ አለ። እጁን በሳሙና አስታጥበው ሌላ ጣቱን ወጉት፤ ያው ነው። የራሳቸውን ወጉ፤ ከፍ ቢልም የእሱን አያክልም። ያኔ ወንድምየው መላጫ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለና ሌሊት ሌሊት ሽንት እንደሚያመላልሰው፣ ውኃ እንደማይጠግብ፣ ሱሪውም እየሰፋበት እንደመጣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተናገረ። ሸንቀጥ ማለቱ መስሎት ደስ ብሎት ነበር።

ጋሽ ማርሽ ስልካቸውን አውጥተው ለልጃቸው ደወሉ።

"አጎትሽ ስኳር ሳይኖርበት አይቀርም" አሏት።

"በምን አወቅህ አባዬ?"

"ጣቱን ወግቼው።"

"ለምን ወጋኸው?"

ኬኩንም ልደቱንም ተናዘዙላት።

"ባለፈው ሳምንት የላክህልኝስ የማን ደም ነው?"

"የራሴ ነው ልጄ። ባለፈው ሳምንት የጠራኝ የለም።"

ልትቆጣ ጀምራ ሳቋ አመለጣት። ከሳቋ ስትመለስ አሁኑኑ ጤና ጣቢያ ይዘኸው ሂድ አለች። ሄዱ፤ ምርመራውም ያንኑ አረጋገጠ። ወንድምየው መድኃኒት ታዞለት፣ የሚበላውና የማይበላው ተነግሮት ወጣ። ሲመለሱ ጋሽ ማርሽ እግርህን በየቀኑ እይ፣ ጫማህ አይጥበብህ እያሉ እንደ ሐኪም ሲያስተምሩት፣ እሱ ግን አኩርፎ ነበር።

"አንተ ኬክ ባትበላ ኖሮ እኔ እስከ ዛሬ ጤነኛ ነበርኩ" አላቸው።

ጋሽ ማርሽ ክንዱን ያዝ አድርገው መንገዱን አሻገሩት።