በሰው ስም የታረመ ኮድ

በዚያ መሥሪያ ቤት አንዲት ጡብ ነበረች። ሕንፃው ሲሠራ የተረፈች፣ ጫፏ የተሸረፈ ተራ ጡብ። ሕጉም ቀላል ነው፤ የጻፈው ኮድ ስህተት የተገኘበት ሰው ጡቧን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ይውላል። ያለፈ ያገደመ ሁሉ ጡቧን በጣቱ መታ መታ እያደረገ "እንኳን ደስ ያለህ!" ይለዋል። ጨዋታ ነው ይላሉ። ወይ ጨዋታ! አንዱ ፕሮግራመር ጡቧ ለሦስተኛ ጊዜ የደረሰችው ቀን መጸዳጃ ቤት ገብቶ፣ ቆልፎ ሲያለቅስ እቴቴ ሰማች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጡቧ አቧራ ለበሰች።

እቴቴ የሚሏት ፈታሿን ነው። ሃምሳ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ከመስኮቱ ሥር ካለችው ኮምፒውተር ጋር አሥራ አንድ ዓመት ኖራለች። መሥሪያ ቤቱ ክሊኒኮች የመድኃኒት መጠን የሚያሰሉበትን ሶፍትዌር ይሠራል። ዘጠኝ ፕሮግራመሮች ይጽፋሉ፣ እሷ ትፈትሻለች። ስህተት ስታገኝ የባለቤቱን ስም ለሥራ አስኪያጁ ማሳወቅ ነበረባት። አንድም ቀን አላሳወቀችም። ጠዋት አንድ ሰዓት፣ ማንም ሳይመጣ ትገባለች፤ የዘጠኙን የይለፍ ቃል ከደብተሯ ታወጣለች፤ በባለቤቱ ስም ገብታ ታርምለታለች። የይለፍ ቃሉን የሰጧት ራሳቸው ናቸው። "በናትሽ እቴቴ፣ አንቺው ግቢና አስተካክይው፤ ጉዴን አታውጪብኝ" እያሉ። እሷም የማንንም ጉድ አላወጣችም።

ሥራ አስኪያጁ ደግሞ ጡቧ ላይ ያለውን አቧራ እያየ "የኔ ልጆች እኮ አይሳሳቱም" ብሎ ለእንግዳ ሁሉ ይጎርራል።

የእህቷን ልጅ ያስገባችው እሷው ናት። እህቷ ደውላ "አንቺ እያለሽ ልጄ ተምሮ ቤት ይቀመጥ?" ስትላት አንጀቷ አልቻለም። ሥራ አስኪያጁን ደጅ ጠንታ፣ ለስድስት ወር በጊዜያዊነት አስቀጠረችው። ልጁ ጎበዝ ነው፤ ይሄን ማን ይክዳል? በአምስተኛው ወር ስብሰባ ላይ ተነሥቶ ሐሳብ አቀረበ።

"ኮዳችንን እስከነታሪኩ ኢንተርኔት ላይ ወዳለ የኮድ ማከማቻ እናዛውረው" አለ። "ማከማቻውን ከፍተሻውም ከክሊኒኮቹም ጋር እናገናኘው። ሰው ኮድ ባስገባ ቁጥር ራሱ ይፈትሻል። ካለፈ ስድስት ሰዓት ላይ ራሱ ለክሊኒኮቹ ይልካል። ከወደቀ የጸሐፊውን ስም ግድግዳው ላይ በሚሰቀል ስክሪን በቀይ ያወጣል።"

ሥራ አስኪያጁ ዓይኑ በራ። "እቴቴ፣ የሚፈትሹትን ሁሉ ይንገሩት" አላት። "ሲያልቅ የሲስተሙ ኃላፊ እርስዎ ነዎት።"

ኃላፊነቱ አልነበረም ያጓጓት፤ መቆየቱ ነው። ጡረታዋ አራት ዓመት ቀርቶታል። ከዚህ ብትወጣ በዚህ ዕድሜዋ ማን ይቀጥራታል?

ሦስት ሳምንት ልጁ ወንበሩን ስቦ ከጎኗ ተቀመጠ። "አክስቴ፣ ይሄንንስ እንዴት ነው የምታውቂው?" ይላታል። ትነግረዋለች፤ ይጽፋል። "አንቺ እኮ ጉድ ነሽ!" ይላታል። ትስቃለች፤ ይጽፋል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ይሄኔ ነው። ስልሳ ሁለት ፍተሻ ነግራ ጨረሰች።

ግን ሞኝ አይደለችም። ስልሳ ሦስተኛዋን ዋጠቻት። የአራስ ሕፃን ክብደት በግራም ነው የሚመዘገበው፣ የሌላው ሰው በኪሎ። ፕሮግራመሮቹ የትልልቆቹን ገጽ በነካኩ ቁጥር የአራሶቹም ወደ ኪሎ ይለወጥባቸዋል፤ ሦስት ሺህ ግራም የሚመዝን ሕፃን ሦስት ሺህ ኪሎ ይሆንና መድኃኒቱ በዚያ ልክ ይሰላል። ሁልጊዜ በዓይኗ እያየች የምታርመው እሷ ናት። "ይቺ እንኳ ለኔ ትሁነኝ" አለች በሆዷ።

ሲስተሙ የሚከፈትበት ቀን እንደ ልማዷ አንድ ሰዓት ገባች። ሳቂታው የሚሉት ፕሮግራመር የጻፈውን ስታይ ያው ስህተት ቁጭ ብሏል፤ ግራሙ ጠፍቷል። በስሙ ልትገባ ሞከረች፤ አዲሱ ማከማቻ የድሮውን የይለፍ ቃል አልቀበልም አለ። "ይሁን" አለች። "ስብሰባው ላይ እናገራለሁ። ማሽኑ ያላየውን እኔ እንደማይ ዛሬ ይዩት።" እውነቱን ለመናገር ደስ ብሏት ነበር።

አምስት ሰዓት ላይ ሁሉም ግድግዳው ላይ ካለው ስክሪን ፊት ተሰበሰበ። የሳቂታው ኮድ ገባ፤ ስልሳ ሁለቱ ፍተሻዎች ተራ በተራ አረንጓዴ ሆኑ። ተጨበጨበ። እቴቴ እጇን ልታወጣ ስትል ሥራ አስኪያጁ "ቆዩ፣ ቆዩ፤ ይሄኛው ምንድነው?" አለ።

ከአረንጓዴው ሥር የሠራተኞቹ ስም ተደርድሯል። ማከማቻው የአሥራ አንድ ዓመቱን ታሪክ ቆጥሮ ማን ስንት ጊዜ ኮድ እንዳረመ በየስሙ ትይዩ አስቀምጦታል። ሳቂታው አራት ሺህ። ሌላው ሦስት ሺህ። ታች፣ መጨረሻ ላይ፣ የእቴቴ ስም አለ፤ ትይዩው ዜሮ።

"በነሱ ስም እየገባሁ ነው የማርመው" አለች። "ይጠይቋቸው።"

ሥራ አስኪያጁ ወደ ሳቂታው ዞረ። "እውነት ነው?"

"እቴቴማ..." አለ ሳቂታው ጭንቅላቱን እያከከ፣ "ሞራል ትሰጠናለች።" ሳቁ። ስምንቱም ሳቁ፤ መጸዳጃ ቤት ያለቀሰውም ጭምር። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም፤ የሳቀ አፍ ደግሞ አይጠየቅም።

የእህቷ ልጅ ላይ ዓይኗን ተከለች። እሱ ያውቃል። ኮዱን ሲያዛውር የዘጠኝ ሰው እርማት ሁሉ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ፣ ከመስኮቱ ሥር ካለችው ኮምፒውተር እንደወጣ አይቷል፤ "አክስቴ፣ አንቺ እንቅልፍ የለሽም እንዴ?" ብሎ ቀልዶባታል። ልጁ ኪቦርዱን እያየ አንዲት ፊደል ደጋግሞ ይነካል። ስድስት ወሩ በሚቀጥለው ሳምንት ያልቃል።

ሥራ አስኪያጁ ቀስ ብሎ ተናገረ። "እንግዲህ ውሸት ከሆነ አሥራ አንድ ዓመት አልሠሩም። እውነት ከሆነ ደግሞ አሥራ አንድ ዓመት በሰው የይለፍ ቃል ሲገቡ ኖረዋል። የቱን ልጻፍልዎት?"

የግራሙ ነገር ከእቴቴ ራስ በኖ ጠፋ።

በግማሽ ሰዓት ውስጥ አካውንቷ ተዘጋ። ዕቃዋን አንዲት ካርቶን ውስጥ ስትከት ሳቂታው ጡቧን አምጥቶ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጣት፤ አቧራዋን በእጅጌው ጠርጎላታል። "ለማስታወሻ ነው፤ እንኳን ደስ ያለሽ!" አላት። አሁንም ሳቁ።

ደረጃው መሃል ስትደርስ ስለ ግራሙ ትዝ አላት። ቆመች። ሰዓቷን አየች፤ ለስድስት ሩብ ጉዳይ። "ይበላቸው!" አለች ጮክ ብላ። ስድስት ሰዓት ላይ ኮዱ ይሄዳል፤ ነገ ክሊኒኮቹ ይጮኻሉ፤ ከነገ ወዲያ በር ድረስ መጥተው ይለምኗታል። እንዴት ደስ ይላል! ሁለት ደረጃ ወረደች። ከዚያ ያ ሦስት ኪሎ ሕፃን መጣባት፤ የደከማት ነርስ ስክሪኑን አምና መርፌውን ስትሞላ ታያት። ሕፃኑ ምን አደረጋት? ካርቶኗን እዚያው አስቀምጣ ተመልሳ ወጣች።

በሩ ካርዷን አልቀበል አለ። መስታወቱን ደበደበች። የእህቷ ልጅ ወጣና በሩን በእግሩ ደግፎ ቆመ።

"አክስቴ፣ ሰው እያየን ነው" አላት።

"የአራሶቹን ገጽ ክፈት" አለችው። "ግራሙ ወደ ኪሎ ተለውጧል። ሕፃን ይገድላል።"

ልጁ ፊቱ ተለወጠ። ሮጦ ላፕቶፑን አመጣና በሩ ላይ ቆሞ ከፈተው። የት እንዳለ፣ እንዴት እንደሚታረም፣ ማሽኑም ወደፊት እንዴት እንደሚይዘው መስመር በመስመር ነገረችው። ጻፈ።

"በስሜ ነው የማስገባው" አለ ቀና ሳይል። "ያንቺ ተዘግቷል።"

"አስገባው።"

ውስጥ ግድግዳው ላይ ስልሳ ሦስተኛዋ ፍተሻ አረንጓዴ ሆነች፤ ከጎኗ የልጁ ስም ወጣ፤ ከሥሯ ስህተቱን የጻፈው የሳቂታው ስም በቀይ። ሥራ አስኪያጁ ከወንበሩ ሲነሣ በመስታወቱ አየችው። "አያችሁ? ይሄ ነው ሰው ማለት!" ሲል ተሰማት። ጭብጨባው ቀለጠ። ልጁ ጆሮው ቀላ፤ ፈገግታው ግን አመለጠው።

ላፕቶፑን አጥፎ በሩን ሊዘጋ ሲል መለስ አለ።

"አክስቴ፣ ሌላ የደበቅሽው ካለ አሁኑኑ ንገሪኝ" አላት። "ከነገ ጀምሮ ጥበቃዎቹ አያስገቡሽም።"

"የለም" አለችው። እውነቷን ነው፤ ምንም አልቀራትም።