በዲሬክተሩ እጅ ብቻ

ዲሬክተራችን አቶ አዛናው ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ደንብ ማውጣት ግን ነፍሳቸው ነው። ወረታ አብሬያቸው ባስተማርኩባቸው ዓመታት የትምህርት ቤቱ ግድግዳ በደንብ ወረቀት ተለብጦ ነበር።

የ1952 ፋሲካ አልፎ፣ ፎገራ በሙሉ ጥሬ ሥጋውን ከበላ በኋላ ተማሪው በየተራ ይቀር ጀመር። ለምን ቀረህ ሲባል መልሱ አንድ ነው፤ ኮሶ ጠጥቼ። ኮሶ የጠጣ ደግሞ ቀኑን ከቤቱ አይርቅም። በዚያው ሰሞን ከደብረ ታቦር ተቆጣጣሪ እንደሚመጣ ደብዳቤ ደረሰን፤ ቀኑን አይናገርም። አቶ አዛናው ወደ ደብረ ታቦር ለመዛወር ቋምጠዋል፤ ዝውውሩ ያለው በተቆጣጣሪው እጅ ነው። ባዶ ወንበር እንዳይታይባቸው ሰግተው እንዲህ ብለው ለጠፉ፦

"ከእንግዲህ ኮሶ የሚጠጣው በትምህርት ቤት፣ በዲሬክተሩ እጅ ብቻ ነው። ኮሶ ጠጥቼ ቀረሁ የሚል ምክንያት ተቀባይነት የለውም።"

ይሄስ ጤና አይደለም አልኩ፣ በሆዴ።

በሦስተኛው ቀን ማለዳ ሰባት እናቶች በየሽክናቸው ኮሶ ይዘው፣ ልጆቻቸውን አስከትለው ተሰለፉ። ፊተኛዋ ወይዘሮ እናትነሽ ነበሩ። አቶ አዛናው ሽክናውን ተቀብለው ለወይዘሮዋ ልጅ ለእታለም ሊሰጡ ሲሉ ሴትዮዋ እጃቸውን ያዙ።

"ጌታዬ፣ አጠጪው ሳይቀምስ? ልጄ ካልቀመሰ ሰው እጅ አትጠጣም።"

እርስዎው በጥብጠው ያመጡት አይደለም ወይ ቢሏቸው፣ ሴትዮዋ ደንቡ በዲሬክተሩ እጅ ይላል ብለው ድርቅ አሉ። እውነታቸውን ነው። ባገራችን ጠላ እንኳ የሚቀዳ ሰው በመዳፉ ጠብ አድርጎ ሳይቀምስ ለሌላ አይሰጥም። አቶ አዛናው ዐይናቸውን ጨፍነው ቀመሱ። ለአንዷ ቀምሶ ለሌላዋ መተው ደግሞ ጠብ መጫር ነው፤ ሰባቱንም ቀመሱ። ያውም ከኋላ ያሉት "ጎንጨት ያድርጉት እንጂ" እያሉ። ልጆቹም ተከትለው ጠጡ።

አራት ሰዓት ሳይሞላ ሆዳቸው ይጮህ ጀመር። ወደ ውጭ ሮጡ፤ ሰባቱ ተማሪዎችም ተከተሏቸው። ፎገራ ድፍን ሜዳ ነው፤ የሰው ጉድ የሚሸፍን ቁጥቋጦ እንኳ የለውም። ተቆጣጣሪው በበቅሎ ብቅ ያለው በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ሜዳ ላይ ነው።

ገና ጢሙን በቅጡ ያላበቀለ ወጣት ነበር። ክፍል ገብቶ ስም ጠራ፤ ሰባት ተማሪና አንድ ዲሬክተር ጎደሉ።

"መድኃኒት ወስደው ነው" አልኩት።

"ዲሬክተሩም?"

"እሳቸውማ ከሁሉ ቀድመው።"

ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ደንብ አነበበ። ከዚያ መዝገቡን አውጥቶ ጻፈ፦ "ዲሬክተሩ ቀርተዋል። ምክንያት፦ ኮሶ። በራሳቸው ደንብ መሠረት ተቀባይነት የለውም።"

ዝውውሩም በዚያው ቀረ። በማግስቱ አቶ አዛናው አመድ መስለው መጡና፣ ደንቡን ገነጠሉት። አንጀቴን በሉኝ። አልሳቅሁም፤ ቤቴ እስክገባ ድረስ።